ሕግ ሲለወጥ ጥሪት ምን ይሆናል?



ዛሬ የምናገረው በብሪታንያ ለምንኖር ብዙዎቻችን ቅርብ ስለሆነ አንድ ቁጥር ነው፤ 16,000 ፓውንድ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚጠይቅ ሰው ከዚህ በላይ ጥሪት ካለው አንዲት ፔኒ አያገኝም። ደመወዙ ዝቅተኛ ቢሆን፣ ልጆቹ አራት ቢሆኑ፣ ኪራይ የገቢውን ግማሽ ቢወስድበት መልሱ ያው ነው። ባልና ሚስትም ቢሆኑ ጣሪያው አይጨምርላቸውም፤ የሁለቱ ተደምሮ በዚያው 16,000 ይለካል። ደንቡ ለብዙ የድጎማ ዓይነቶች የቆየ ነው። ባለፉት ዓመታት ግን ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው የማያውቁ ሠራተኛ ቤተሰቦች ድንገት በሥሩ ገቡ። የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ መንግሥት ሰዎችን ከአንድ የድጎማ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲያሻግር፣ በቀድሞው ሕግ ተፈቅዶላቸው ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአዲሱ ሕግ የሚያስቀጣ ሊያደርግባቸው አይገባም፤ የተሰጣቸው የአሥራ ሁለት ወር ፋታም ይህን በደል አያስቀረውም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። በ2003 የተጀመረው ታክስ ክሬዲት ሠርተው ኑሮ ላልሞላላቸውና ልጅ ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የሚከፈል ነበር። የሚያሰላው የግብር መሥሪያ ቤቱ ስለነበረ የሚጠይቀውም የዓመት ገቢን ነበር። ባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ጉዳዩ አልነበረም፤ የሚያየው ገንዘቡ ያስገኘውን ወለድ ነው፣ እሱንም ከመሰል ገቢዎች ጋር ተደምሮ በዓመት ከ300 ፓውንድ ሲያልፍ ብቻ። በአንጻሩ ኢንከም ሰፖርት፣ ሃውሲንግ ቤኔፊት፣ እንዲሁም በገቢ ላይ የተመሠረቱት የሥራ አጥነትና የሕመም ድጎማዎች የጥሪት ጣሪያ ነበራቸው። በ2012 የወጣው ሕግ እነዚህን አራቱንና ሁለቱን ታክስ ክሬዲቶች አዋሕዶ ዩኒቨርሳል ክሬዲትን ፈጠረ፤ አዲሱ ድጎማ በ2013 ማንቸስተር አጠገብ በምትገኘው አሽተን አንደር ላይን ሥራ ጀመረ። ስድስቱ አንድ ሲሆኑ ጣሪያ ያልነበራቸው ሁለቱ ጣሪያ የነበራቸውን የአራቱን ደንብ ወረሱ። ሌላ ምርጫ ነበር፤ ሠርተው ለሚያድሩ ሰዎች የታክስ ክሬዲቱን አሠራር ማቆየት ይቻል ነበር። የተመረጠው ግን ጠበቅ ያለው ነው። ታክስ ክሬዲት ደግሞ በአፕሪል 2025 ፈጽሞ ተዘግቷል።

ደንቡ የሚሠራው እንዲህ ነው። እስከ 6,000 ፓውንድ ያለ ጥሪት አይቆጠርም። ከ6,000 እስከ 16,000 ባለው ውስጥ ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ፣ ወይም ለጎደሎ 250፣ በወር 4 ፓውንድ ከ35 ፔንስ ገቢ እንዳለዎት ተደርጎ ይታሰብና ከድጎማው ይቀነሳል። 10,000 ፓውንድ ያለው ሰው በወር 69 ፓውንድ ከ60፣ በዓመት ደግሞ 835 ፓውንድ ከ20 ይቀነስበታል። ከ6,000 በላይ ያለው 4,000 ፓውንድ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ያ 4,000 በዓመት 835 ፓውንድ እንዲወልድ የሚከፈለው ወለድ በመቶ ወደ 21 መድረስ ነበረበት። እንዲህ የሚከፍል ባንክ በዚህች አገር የለም። ስለዚህ በወረቀት ላይ «ገቢ» የተባለው ነገር በተግባር ጥሪቱን ራሱን ቀስ በቀስ ብሉት የሚል ትእዛዝ ነው። ልክ 16,000 ላይ የሚቀነሰው በወር 174 ፓውንድ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ፓውንድ ሲጨምር መቀነሱ ያበቃና ድጎማው ከነጭራሹ ይቋረጣል። ኪራይንም ልጅንም ያካተተ ድጎማ በለንደን በወር ከአንድ ሺህ ፓውንድ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ አንዲት ፓውንድ ይህን ሁሉ ልታሳጣ ትችላለች።

ይህ ጣሪያ መቼ እንደተቀመጠ ማወቅም ያስፈልጋል። 6,000 እና 16,000 የሚሉት ቁጥሮች ሠርቶ ማደር በሚችሉበት ዕድሜ ላሉ ሰዎች ከ2006 ጀምሮ አልተነቃነቁም። ከዚያ ወዲህ ዳቦውም፣ ኪራዩም፣ አውቶቡሱም ስንት ጊዜ እንደጨመረ ከእናንተ የሚያውቅ የለም። ጣሪያው ከዋጋ ንረቱ ጋር እኩል ቢራመድ ኖሮ ዛሬ ከ25,000 ፓውንድ በላይ በሆነ ነበር። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ተመሳሳይ ነገር ያውቃሉ፤ ለአቅመ ደካማና ለአካል ጉዳተኛ የሚከፈለው ኤስኤስአይ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ጥሪት ከ1989 ጀምሮ 2,000 ዶላር ላይ ቆሟል። ማንም በግልጽ ድምፅ ሳይሰጥበት፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ደንቡ በራሱ እየከረረ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሽግግሩ ልምጣ። ዩኒቨርሳል ክሬዲትን የሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ታክስ ክሬዲት ለሚያገኙ ቤተሰቦች የሽግግር ደብዳቤ ሲልክ፣ በሦስት ወር ውስጥ ዩኒቨርሳል ክሬዲት እንዲጠይቁ ይነግራቸው ነበር። ከ16,000 በላይ ያላቸው ሰዎች ደብዳቤውን ተከትለው በጊዜው ከጠየቁ፣ ከጣሪያው በላይ ያለው ገንዘብ ለአሥራ ሁለት የክፍያ ወራት አይቆጠርባቸውም ነበር። መልካም ሐሳብ ነው፤ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ችግሩን እንዳዩት ያሳያል። ነገር ግን በየማዕዘኑ ወጥመድ ነበረበት። ደብዳቤው ሳይደርሳቸው፣ ሥራ ስላጡ ወይም የኪራይ እርዳታ ስላስፈለጋቸው በራሳቸው ዩኒቨርሳል ክሬዲት የጠየቁ ሰዎች ይህ ፋታ አልነበራቸውም። ይባስ ብሎ ማመልከቻው ሲገባ የቀድሞው ታክስ ክሬዲት ይዘጋ ነበር፤ አዲሱ በጥሪት ምክንያት ቢከለከልም ወደ ቀድሞው መመለስ አይቻልም ነበር። ስንት እናት በስልክ «ይጠይቁ» ተብላ፣ ጠይቃ፣ ሁለቱንም አጥታ ቀርታ ይሆን? ፋታው ያገኙትም ቢሆኑ፣ በመሐል ጥሪታቸው አንድ ጊዜ ወደ 16,000 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ፋታው አይመለስላቸውም ነበር። መኪና ለመጠገን ገንዘብ አውጥቶ በኋላ መልሶ የሞላ ሰው ጥበቃውን በገዛ ጥንቃቄው ያጣል።

አሥራ ሁለት ወር የማይበቃው ለምንድን ነው? ጥሪት በአንድ ዓመት እንዲያልቅ ተብሎ አይቀመጥምና። ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ቤተሰብ ሃያ ሺህ ፓውንድ ለማጠራቀም አሥርና አሥራ አምስት ዓመት አንጀቱን አስሮ ይኖራል። ገንዘቡ ቤት ሲገዛ የሚከፈል ቅድሚያ ይሆናል፣ የልጅ ዩኒቨርሲቲ ይሆናል፣ ወይም ሕመምና ሥራ ማጣት ሲመጣ ከአበዳሪ ደጅ የሚያድን ይሆናል። ሕጉ ይህን ቤተሰብ ዓመት ሰጥቶ ምን እንዲያደርግ ይፈልጋል? ገንዘቡን ቢይዙት ድጎማው ይቆማል። ቢያጠፉት ደግሞ ሌላ ደንብ ይጠብቃቸዋል፤ ድጎማ ለማግኘት ሲሉ ገንዘባቸውን አስወግደዋል ተብሎ ከተወሰነባቸው፣ የሌለው ገንዘብ እንዳለ ተደርጎ ይቆጠርባቸዋል። ዕዳ መክፈልና ለኑሮ የሚያስፈልግ ነገር በአግባቡ መግዛት አያስጠይቅም፤ ግን «በአግባቡ» የሚለውን የሚመዝነው ባለሥልጣኑ ነው። አትያዙ፣ አታጥፉም የሚል ሕግ ፊት የቆመ ሰው የሚበጀውን ለማወቅ ጠበቃ ያስፈልገዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ደንቡ የጥሪትን ዓይነት የሚለይበት መንገድ ነው። የሚኖሩበት ቤት የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይቆጠርም። ለጡረታ የተጠራቀመ ገንዘብ የጡረታ ዕድሜ እስኪደርስ አይቆጠርም። የንግድ ዕቃና የቤት ዕቃም አይቆጠሩም። እነዚህ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ እንዲነኩም አልፈልግም። ግን ውጤቱን ተመልከቱ፦ የግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ቤት ያለው ሰው በጥሪት ምክንያት አይከለከልም፤ ተከራይቶ የሚኖርና አንድ ቀን ቤት እገዛለሁ ብሎ 17,000 ያስቀመጠ ሰው ይከለከላል። ቤቱን ሸጦ ሌላ ሊገዛ ያሰበ ሰው የሽያጩ ገንዘብ ለስድስት ወር ይታለፍለታል፤ የመጀመሪያውን ለመግዛት የሚቆጥብ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ያው መንግሥት በ2017 ላይፍታይም አይሳ የሚባል ሂሳብ ከፍቶ፣ ለመጀመሪያ ቤት የሚቆጥቡ ወጣቶችን በዓመት እስከ 4,000 ፓውንድ አስቀምጡና ሩብ እጨምርላችኋለሁ ይላል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ያንኑ ሂሳብ እንደ ማንኛውም ጥሪት ይቆጥረዋል። በ2018 የተጀመረው ሄልፕ ቱ ሴቭ ደግሞ ድጎማ የሚያገኙ ሠራተኞች በወር እስከ 50 ፓውንድ ሲቆጥቡ የቁጠባቸውን ግማሽ ይመርቅላቸዋል፤ በአራት ዓመት ጉርሻው እስከ 1,200 ፓውንድ ይደርሳል። ትንሽ መቆጠብ ያስመሰግናል፣ በርትቶ መቆጠብ ያስቀጣል ማለት ነው።

የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በአክብሮት ሊመለስለት ይገባል። የሕዝብ ገንዘብ ውስን ነው፣ ባንክ ገንዘብ ላለው ሰው ከመክፈል ባዶ እጁን ለሆነው ይከፈል ይላል። በመርሑ እስማማለሁ። የማልስማማው ደንቡ ይህን ያደርጋል በሚለው ነው። 20,000 ፓውንድ ያለው፣ በወር 800 ፓውንድ ድጎማ ያገኝ የነበረ ቤተሰብ ሲቋረጥበት የጎደለውን ከጥሪቱ ይሞላል። በአምስት ወር ከጣሪያው በላይ ያለው 4,000 ያልቅና ተመልሶ ይጠይቃል። ከዚያም እስከ 6,000 ድረስ በየወሩ እየተቀነሰበት ይወርዳል። መንግሥት ያተረፈው የአምስት ወር ክፍያና ቀጥሎ የሚመጣው ቅናሽ ነው፤ ቤተሰቡ ያጣው የአሥር ዓመት ልፋት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማሞቂያው ሲበላሽ ወይም ሥራ ሲቋረጥ ይኸው ቤተሰብ የሚያንኳኳው የካውንስሉን በር ነው። ዛሬ የተቆጠበው የሕዝብ ገንዘብ ነገ በሌላ በር ይወጣል።

ይህች አገር ክርክሩን ከዛሬ በፊትም ታውቀዋለች። በ1931 የተጀመረው የቤተሰብ ሀብት ምርመራ በሥራ አጦች ዘንድ እጅግ የተጠላ ነበር። ዊልያም ቤቨሪጅ በ1942 የማኅበራዊ ዋስትና ሪፖርቱን ሲያቀርብ ሕዝቡ ያንን ምርመራ የሚጠላበትን ምክንያት አጢኖታል፤ ሰዎች ቁጠባን እንደ ግዴታቸው ቆጥረው ሲያበቁ ያ ምርመራ በቁጠባቸው የሚቀጣቸው መስሎ ስለታያቸው ነው አለ። መንግሥት ዝቅተኛውን ኑሮ ሲያረጋግጥ፣ ሰው በራሱ ጥረት ከዚያ በላይ እንዲጨምር ቦታ ሊተውለት ይገባል የሚለው የሪፖርቱ አቋም ከዚሁ የመነጨ ነው። ዛሬም ቢሆን መርሑ በአንድ ቦታ ይሠራል። ለአረጋውያን የሚከፈለው ፔንሽን ክሬዲት እስከ 10,000 ፓውንድ ያለውን አይነካም፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 500 ፓውንድ በሳምንት አንድ ፓውንድ ብቻ ያስባል፤ ከላይ ጣሪያ የለውም። 16,000 ያለው አዛውንት በወር 52 ፓውንድ ያህል ሲታሰብበት፣ ያንኑ ገንዘብ የያዘች ልጅ አሳዳጊ እናት 174 ይታሰብባታል። ከሜይ 2019 ጀምሮ ደግሞ አንዳቸው ጡረታ የደረሱ፣ አንዳቸው ያልደረሱ ባልና ሚስት አዲስ ሲጠይቁ ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው የሚላኩት፤ በአዛውንቱ ደንብ ያልፍ የነበረው ጥሪታቸው በትዳር ጓደኛቸው ዕድሜ ምክንያት እንቅፋት ይሆንባቸዋል። ያለ ጣሪያ መሥራት አይቻልም የሚል ሰው፣ ያው ሚኒስቴር በዚያው ሕንፃ ውስጥ እየሠራበት መሆኑን ማየት አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ 16,000 ያለው ድሃ ጥቂት ነው፣ ለጥቂቶች ብለን ሕግ አንለውጥም ይላል። እውነት ነው፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ እዚያ አይደርሱም። ጥቂት ከሆኑ ግን እነሱን መጠበቅ የሚያስወጣውም ጥቂት ነው። ደግሞም ደንቡ የሚነካው ከጣሪያው ያለፉትን ብቻ አይደለም። ወደ 6,000 የተጠጋ ሁሉ መቆጠብ ያዋጣኝ ይሆን ብሎ ማሰብ ይጀምራል፤ የሰማውን ለጎረቤቱ ያወራል፤ ያልገባውም ፈርቶ ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ቤት ያስቀምጣል። በማኅበረሰባችን ውስጥ ይህ ፍርሃት እንዳለ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ።

ለእኛ ነገሩ የሚከብደው ገንዘብ የምንይዝበት መንገድ ከደንቡ አመለካከት ስለሚለይ ነው። እቁብን ውሰዱ። ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣላት እናት ሂሳቧ ውስጥ 12,000 ፓውንድ ይገባል፤ የቀረውን ክፍያ ግን ገና በየወሩ ትከፍላለች። ለእሷ ገንዘቡ ገና የሚከፈል ዕዳ አለበት። ደንቡ ደግሞ በአጠቃላይ በንብረት መያዣ ያልታሰረ ዕዳን ከጥሪት ላይ አይቀንስም፤ የሚያየው በሂሳቡ ያለውን ነው። የእድር ገንዘብ ያዥም አለ። ሕጉ የሌላ ሰው ገንዘብ በስምዎ ስለተቀመጠ ብቻ የእርስዎ ነው አይልም፤ ዋናው የጥቅሙ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። ሆኖም ማስረጃ ማቅረብ የያዡ ሸክም ነው። ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት መዝገብና በእድሩ ስም የተከፈተ ሂሳብ የሌለው ማኅበር፣ ያመነውን ሰው ለጥርጣሬ አሳልፎ እየሰጠው ነው። ይህን ዛሬውኑ ማስተካከል ይቻላል፤ የፓርላማ ውሳኔ አይጠብቅም።

አገር ቤት ያለ ቤትስ? ደንቡ በውጭ አገር ያለ ንብረትንም ይቆጥራል። ገንዘቡን ወደ ብሪታንያ ማምጣት ካልተከለከለ በዚያው አገር ገበያ በሚያወጣው ዋጋ ይገመታል፤ ከተከለከለ ደግሞ እዚህ ያለ ፈቃደኛ ገዢ ሊሰጥበት በሚችለው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት፣ የውጭ ምንዛሪ ለረጅም ዘመን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር በቆየበት አገር ያለ ቤት ስንት ያወጣል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። የጡረታ ዕድሜ የደረሱ እናትና አባት የሚኖሩበት ቤት ግን የሚታለፍበት ድንጋጌ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው እዚህ የማነሳው። ለወላጅ የተላከ ገንዘብም በራሱ ጥፋት አይሆንም፤ ጥያቄው የተላከው ድጎማ ለማግኘት ታስቦ ነው ወይ የሚለው ነው። ለዓመታት በየወሩ ሲልክ የኖረ ሰው የላከበት ደረሰኝ ይመሰክርለታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ማጭበርበር ነው። ጥሪትን ደብቆ ድጎማ መውሰድ ስርቆት ነው፤ ልከላከልለት አልመጣሁም። በ2025 ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ሕግም ባንኮች ከጣሪያው ያለፈ ገንዘብ የያዙ የድጎማ ተቀባዮችን ሂሳብ እንዲጠቁሙ የሚጠይቅ ነበር። ስለዚህ በጥንቃቄ መመዝገብና ሳይጠየቁ ማስታወቅ የሁላችን ግዴታ ነው። ነገር ግን ቁጥጥሩ በጠነከረ መጠን የሚያስፈጽመው ደንብ ትክክለኛ መሆን ይኖርበታል። በ2006 የተቀመጠን ቁጥር በዘመኑ ኮምፒውተር ማስከበር ስህተቱን ያፈጥነዋል እንጂ አያርመውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ የእኩልነት ጥያቄ ስለሆነ። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው 20,000 ፓውንድ አላቸው እንበል፤ አንዷ ከታክስ ክሬዲት የመጣች፣ ሌላዋ አዲስ ጠያቂ። ለመጀመሪያዋ ለዘለቄታው ከተፈቀደ ሁለተኛዋ ለምን ትከለከላለች? መልሴ ሁለት ክፍል አለው። ለሁለተኛዋ የሚበጀው ጣሪያውን ከ2006 ወዲህ በሆነው የዋጋ ለውጥ ልክ ማንሳትና በፔንሽን ክሬዲት አምሳል፣ ድጎማው በአንዲት ፓውንድ የሚቋረጥበትን ገደል አጥፍቶ ቁልቁለት ማድረግ ነው። ለመጀመሪያዋ ደግሞ ሕጉ ራሱ የተዘጋጀ መፍትሔ አለው። ከቀድሞው ድጎማ ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ሲሻገሩ ክፍያቸው ለሚያንስባቸው ሰዎች የሽግግር ማካካሻ ይጨመርላቸዋል። ይህ ማካካሻ በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ቀን አይቆረጥም፤ ሌሎቹ የድጎማው ክፍሎች በጨመሩ ቁጥር ቀስ በቀስ እየተበላ ይሄዳል፣ ከጎረቤቷም ጋር ያለው ልዩነት በጊዜ ይጠባል። ሕግ አውጪው ለወር ገቢ ይህን ያህል ካዘነ፣ ለጥሪት የአሥራ ሁለት ወር ቢላ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አይታየኝም። በሽግግሩ ቀን ከ16,000 በላይ የነበረው ገንዘብ መጠኑ ተመዝግቦ፣ ድጎማው ሳይቋረጥ እስከቀጠለ ድረስ፣ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ ሊጠበቅ ይችላል። የማስላቱ ዘዴ አለ፤ መረጃውም ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ በሚኒስቴሩ እጅ ነው። ለፓርላማ አባላችሁ ስትጽፉ በዚህ ቋንቋ ጠይቁ፦ ለገቢ የተሰጠው የሽግግር ማካካሻ አሠራር ለጥሪትም ይዘርጋ።